የጃፓን ሙዚቃ ለያዘው ሰው፦ የትኛው ድረ ገጽ ለምን ይሻላል?

አንድ ማታ ጓደኛዬ ስልኩን ጆሮዬ ሥር አስጠግቶ «ይሄ የማን አምባሰል ነው?» አለኝ። አንድ የክር መሣሪያ ብቻውን ይጫወታል። ክራር እንዳልል ድምፁ ደረቅ ነው። ክሩ በተመታ ቁጥር ከበሮ አብሮ የተነካ ይመስላል። ቅኝቱ ግን አምባሰል ነው። ነገሩ የገባን ዘፋኟ ስትጀምር ነው። ቋንቋው ጃፓንኛ፣ መሣሪያው ደግሞ ሻሚሴን የሚባለው ባለ ሦስት ክር ነው። ሰፊ መምቻው ክሩንና የተወጠረውን ቆዳ አንድ ላይ ይመታል። ከበሮ የመሰለን እሱ ነው።

ጆሯችን አልተሳሳተም። ሚያኮቡሺ የሚሉት የጃፓን ቅኝትና የእኛ አምባሰል አምስቱ ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ኤንካ የሚባለው የናፍቆትና የሐዘን ዘፈናቸው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት ቅኝት ከትዝታ ማይነር ጋር ይገጥማል። በደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ቅኝት ደግሞ ከባቲ ሜጀር ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ አዘፋፈኑና የድምፁ ጌጥ ላይ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጃፓን ሙዚቃ እንደ ሩቅ አገር ሙዚቃ አይሰማኝም።

ዘፈኑን ለማግኘት ስንነሳ ግን በእጃችን የነበረው «ትራክ 07» የሚል ፋይል ብቻ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ስሙ ጠፍቷል። ያን ፋይል ፍለጋ ብዙ ድረ ገጽ አስተዋወቀኝ። አንዳንዱ ጊዜዬን በላ። አንዳንዱን ዛሬም በየቀኑ እከፍተዋለሁ። እዚህ የማወዳድራቸው ራሴ የተጠቀምኩባቸውን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ያዙ

የትኛውንም ድረ ገጽ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በጃፓን የታተመ ሸክላም ሆነ ሲዲ በጎኑ ላይ የካታሎግ ቁጥር አለው። ጥቂት የላቲን ፊደላትና አኃዝ ነው። ጃፓንኛ የማያነብ ሰውም ያነበዋል። ለምሳሌ ሲዲ በጃፓን ለገበያ የቀረበው ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ነው። ያን ቀን ከወጡት መካከል ቀድሞ የሚነሳው የአሜሪካዊው የቢሊ ጆኤል አልበም ቁጥሩ 35ዲፒ 1 ነው። 35 የሚለው ዋጋውን ይናገራል። 3,500 የን ነበር።

የዘፋኝ ስም ያሳስታል። አንዱ ድረ ገጽ በላቲን ፊደል፣ ሌላው ካንጂ በሚባለው የጃፓን ጽሕፈት ይጽፈዋል። በጃፓን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ፈረንጆች ደግሞ ይገለብጡታል። የአልበም ስም በትርጉም ይቀየራል። ቁጥሩ ግን በሄደበት ሁሉ ያው ነው። ቁጥሩን ከያዛችሁ ከታች የምጠቅሳቸው ድረ ገጾች አብዛኞቹ እርስ በርስ ይገናኙላችኋል።

ቁጥሩ ሌላም ቦታ ይገኛል። የጃፓን ሸክላዎችና ሲዲዎች በግራ ጎናቸው በወረቀት ይታጠቃሉ። ይህ ወረቀት ኦቢ ይባላል። ኦቢ በኪሞኖ ላይ የሚታሰር መቀነት ነው፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ዋጋው፣ ቁጥሩና ማስታወቂያው እዚያ ላይ ይጻፋል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ ቀደው ይጥሉት ስለነበር ኦቢው ያልጠፋ አሮጌ ሸክላ ዛሬ ዋጋው ከፍ ይላል።

ዘፈኑን ለመለየት

ዲስኮግስ በ2000 በአሜሪካዊው ኬቪን ሌዋንዶውስኪ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብቻ ነበረበት። ዛሬ የዓለም ሸክላ፣ ካሴትና ሲዲ መዝገብ ሆኗል። መረጃውን የሚያስገቡት ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ የአንድ አልበም ኅትመቶችን ለይቶ ማሳየቱ ነው። በ1978 ቶኪዮ የታተመው፣ በ1985 እንደገና የወጣውና የአውሮፓው ቅጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገጽ አላቸው። ሸክላው መሐል ላይ፣ ከወረቀቱ ዙሪያ፣ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቁጥር አለ። እሱን እዚያ ካለው ጋር አስተያይታችሁ በእጃችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሌላው ጥቅሙ የዋጋ ታሪኩ ነው። አንድ ሸክላ ከዚህ በፊት ዝቅተኛው በስንት፣ ከፍተኛው በስንት፣ መካከለኛው በስንት እንደተሸጠ ይነግራችኋል። ይህ ለእኛም ትልቅ ነገር ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመሩት የአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ሸክላዎች አሁን ውጭ አገር በምን ያህል እንደሚፈለጉ እዚያ ታያላችሁ። አያቶቻችሁ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰ ሸክላ ካለ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን አስገቡና እዩ።

ሚውዚክብሬንዝ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ዕቃ አይሸጥበትም። ሥራው የሙዚቃን መረጃ በትክክል መመዝገብ ነው። ፒካርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው። ስም የሌለው ፋይል ስትሰጡት የድምፁን አሻራ አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ካገኘው የዘፈኑን ስም፣ የአልበሙን ስምና ዓመቱን ይሞላላችኋል። እንደኛ ሙዚቃውን በፍላሽ ሲቀባበል ለኖረ ሰው ከዚህ የሚጠቅም ነገር አላየሁም። እኔ ብዙ መቶ ፋይል አስተካክዬበታለሁ። «ትራክ 07»ን ግን አላወቀውም።

የጌምና የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ቪጂኤምዲቢ አለ። በዚህ ዘርፍ የሚወዳደረው የለም። የእያንዳንዱ ሲዲ ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ በየን የተተመነበት ዋጋ፣ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው ሁሉ አለ። የዘፈኖቹን ዝርዝር በጃፓንኛ፣ በላቲን ፊደልና በእንግሊዝኛ እየቀያየራችሁ ማየት ትችላላችሁ። መልኩ ያረጀ ነው። ይሁን፤ የሚፈለገው መረጃው ነው።

ሬት ዩር ሚውዚክም በ2000 የተጀመረ ነው። እዚያ ሰዎች አልበም ይሰሙና ከግማሽ ኮከብ እስከ 5 ኮከብ ይሰጣሉ። ከዚያ በዓመት፣ በአገርና በሙዚቃ ዓይነት የተደረደረ ዝርዝር ይወጣል። «ሲቲ ፖፕ የሚባለውን የ1980ዎቹን የጃፓን ፖፕ ወድጄዋለሁ፣ ቀጥሎስ?» ለሚል ሰው ጥሩ ነው። ለባህላዊው ሙዚቃ ግን አልመክረውም። ለሮክና ለጃዝ ሺህ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ለአንድ የሻሚሴን ሸክላ አንድ እጅ ጣት የማይሞላ ሰው ነው የሚሰጠው። ኮከቡ ያን ጊዜ ምንም አይነግራችሁም።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ዕቃው በእጃችሁ ካለ ዲስኮግስ ግቡ። ያላችሁ ፋይል ብቻ ከሆነ ሚውዚክብሬንዝን ሞክሩ። የጌም ከሆነ በቀጥታ ቪጂኤምዲቢ።

በነፃ ለመስማት

ዩቲዩብን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለሱ አላወራም። ብዙ ሰው የማያውቀው የጃፓን ብሔራዊ ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው ሬኪኦን ነው። ከ1900 አካባቢ እስከ 1950ዎቹ የተቀረጹ አሮጌ ሸክላዎችን ወደ ዲጂታል ለውጦ አስቀምጧል። ወደ 50,000 የሚጠጋ ቅጂ ነው። ሁሉም በኢንተርኔት አይከፈትም። የመብት ጉዳያቸው ያለቀላቸው ብቻ ናቸው ከየትም የሚሰሙት። እነሱም ቢሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። የጥንት ሻሚሴን አለ። የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ዘፈን አለ። ተረት የሚያወሩ ቀልደኞች አሉ።

ድምፁ ይንኳኳል፣ ይንሿሿል። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የምወደው እሱን ነው። የእኛ አዝማሪዎች በ1900ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ የተቀረጹትን የሰማ ሰው ይገባዋል። ሁለቱን አከታትሎ መስማት ሌላ ስሜት አለው። ገጹ በአብዛኛው በጃፓንኛ ስለሆነ በስልካችሁ አሳሽ ላይ ያለውን ተርጓሚ ክፈቱ። ፋይሎቹ ቀላል ናቸው፣ ዳታ አይበሉም።

ገዝቶ የራስ ለማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነውና።

ባንድካምፕ በ2008 የተጀመረ ነው። ሙዚቀኛው ዋጋውን ራሱ ይተምናል። ሙሉውን አልበም ከመግዛታችሁ በፊት ትሰማላችሁ። ስትገዙ ደግሞ ምንም ያልተጨመቀ ጥራት ያለው ፋይል ታወርዳላችሁ፤ የራሳችሁ ነው። ድረ ገጹ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላና ከቲሸርት 10 በመቶ ይወስዳል። ከማርች 2020 ጀምሮ ደግሞ በአንዳንድ ዓርቦች የራሱን ድርሻ ትቶ ለሙዚቀኛው ይሰጣል። በ2022 ኤፒክ ጌምስ የሚባለው የጌም ኩባንያ ገዛው፣ በ2023 ሶንግትሬደር ለሚባል የሙዚቃ ፈቃድ ኩባንያ ተሸጠ። በዚያ ሽያጭ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን አጥተዋል። ያ አሳዝኖኛል። እስካሁን ግን ለሙዚቀኛው ከእሱ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የኃይሉ መርጊያ ሥራዎችም እዚያ አሉ። አንዱን እግር ቶኪዮ፣ ሌላውን አዲስ አበባ አድርጎ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው ምቹ ቦታ ነው።

ችግሩ የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች ባንድካምፕ ላይ እምብዛም አለመኖራቸው ነው። እዚያ ያሉት በራሳቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞችና ትንንሽ አሳታሚዎች ናቸው። የድሮ ኤንካ ፈልጋችሁ ብትገቡ ብዙም አታገኙም።

ለዚያ ሲዲው ራሱ ያስፈልጋል። ጃፓን ከብዙ አገር የሚለያት ዛሬም ከሙዚቃ ሽያጯ ከግማሽ በላዩ ሲዲና ሸክላ መሆኑ ነው። አዲስ ሲዲ በሕግ የተፈቀደ ቋሚ ዋጋ አለው። አሳታሚው 3,000 የን ብሎ ከጻፈ ሱቁ በፈለገው ዋጋ አይቀንስም። ታዲያ ያገለገለ ዕቃ ንግድ በጣም ደራ። ያገለገለ ዕቃ ሲባል የተጎሳቆለ እንዳይመስላችሁ። ጃፓኖች ዕቃ ይዘው ያውቃሉ። የ40 ዓመት ሸክላ ትናንት የተከፈተ መስሎ ይመጣል።

አዲስ ሲዲ ለመግዛት ሲዲጃፓን ይቀላል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው። በካታሎግ ቁጥር ይፈለጋል። ከጃፓን ወደ ውጭ አገር ይልካል። ያገለገለ ለመግዛት ግን ብዙው ሀብት ያለው በያሁ ጃፓን ጨረታና በመርካሪ ላይ ነው። መርካሪ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ለሌላ ሰው የሚሸጡበት የጃፓን ገበያ ነው። እዚያ ለመግዛት ጃፓን ውስጥ አድራሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ በደላላ ነው የሚገዛው። ባይዪና ዜንማርኬት የታወቁት ናቸው። እነሱ ገዝተው መጋዘናቸው ያስገባሉ። ከዚያ ሰብስበው ይልኩላችኋል።

የሁለቱ ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ይልቅ ሒሳቡን እወቁት። የዕቃው ዋጋ አለ። የደላላው ክፍያ አለ። ከሻጩ እስከ መጋዘኑ የአገር ውስጥ መላኪያ አለ። ከዚያ ዓለም አቀፉ መላኪያ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በመጨረሻ የአገራችሁ ቀረጥ ይጨመራል። የ500 የን ሲዲ አንድ ብቻውን ማዘዝ ኪሳራ ነው። አሥር ሆኖ በአንድ ካርቶን ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

ዲስኮግስም ገበያ እንደሆነ አትርሱ። ከደላሎቹ ጋር ሳነጻጽረው ዋጋው ይወደዳል፣ ልብ ግን ያሳርፋል። ሻጩ ከገዢዎች ያገኘው ምስክርነት ፊት ለፊት ይታያል። የሸክላው ይዞታ በታወቀ ደረጃ ይጻፋል። ሚንት ማለት ያልተነካ ነው። ኒር ሚንት ለዚያ የቀረበ ነው። ቪጂ ፕላስ ጥቂት የአጠቃቀም ምልክት ያለበት ነው። ቪጂ ሲሆን ሙዚቃው ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ መንኳኳቱ መሰማት ይጀምራል። ለዘፈን ቪጂ ፕላስ ይበቃል። ለሻሚሴንና ለሻኩሃቺ ዋሽንት ግን አይበቃም። በእነዚህ ሙዚቃዎች ዝምታው የሙዚቃው ክፍል ነው፤ ጭረቷ ሁሉ ትሰማለች።

በጃፓን ጨረታ ደግሞ ሦስት ቃል እወቁ። «ቢሂን» ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ማለት ነው። «ኦቢትሱኪ» ኦቢው አብሮት አለ ማለት ነው። «ጃንኩ» የሚል ካያችሁ ሻጩ ምንም ዋስትና አልሰጠም። ባይሠራ መመለስ የለም። እኔ ሦስተኛዋን ሳላውቅ አንድ ካሴት ማጫወቻ ገዝቼ መጣልኝ፤ ሞተሩ አይዞርም። ሻጩ አልዋሸኝም፣ ጽፎታል። ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው ትልቁ እንቅፋት ክፍያው ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ሁሉም ሰው የለውም። እኔ የማደርገው አሜሪካ ያለችው እህቴ ጋ እንዲላክ ነው። እሷ ጋ ይጠራቀምና አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይመጣል። ሲዲ ቀላል ነው፣ ሰው አያስቸግርም። ሸክላ ግን ይከብዳል፤ ሻንጣ ውስጥም ይሰበራል። በሰው የምታስመጡ ከሆነ ሲዲ ምረጡ።

መሣሪያ ለመምረጥ

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጃፓን ቤት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። አንድ የምናውቀው ልጅ ከጃፓን የመጣለትን አምፕሊፋየር እንደደረሰ ግድግዳው ላይ ሰካው። ጭስ ወጣ፤ በዚያው አበቃ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳትይዙ አትሰኩ። የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ቶኪዮና ምሥራቁ በ50 ኸርዝ፣ ኦሳካና ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዱ ወገን ከጀርመን፣ ሌላው ከአሜሪካ ጄኔሬተር በመግዛቱ የቀረ ልዩነት ነው። የእኛ 50 ነው። አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኤሌክትሪኩ ስለሆነ ለ60 የተሠራው እዚህ ዘገምተኛ ይሆናል። ዘፋኟ ወንድ ትመስላለች። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ።

ኢርፎንና ሄድፎን ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ለእነሱ ሦስት ዓይነት ድረ ገጽ አለ። አመለካከታቸው በጣም ይለያያል።

አርቲንግስ በካናዳ ሞንትሪያል ያለ ነው። የሚፈትሸውን ዕቃ እንደ ማንኛውም ሰው ከገበያ ይገዛል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ይለካል። ሁለት ሄድፎን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ምርጫዬ እሱ ነው። ድክመቱ የሚያተኩረው በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ባለው ዕቃ ላይ መሆኑ ነው። የ1980ዎቹን የጃፓን ሄድፎን እዚያ አትፈልጉ።

ኦዲዮ ሳይንስ ሪቪው የልኬት ሰዎች ቤት ነው። አሚር ማጂዲመህር የሚባል፣ ቀድሞ ማይክሮሶፍት የሠራ ባለሙያ ነው የሚመራው። አምፕሊፋየርንና ዳክን (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ሞገድ የሚለውጠውን ዕቃ) በውድ መሣሪያ እየለካ ሲናድ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ድምፁ ከጉርምርምታና ከመዛባት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ የሚናገር ነው። የእሱ ትልቅ ውለታ ርካሽ ዕቃ ውዱን ሲበልጥ በማስረጃ ማሳየቱ ነው። አፕል 9 ዶላር የምትሸጣት ያቺ የኢርፎን ማገናኛ ሽቦ በልኬቱ በጣም ጥሩ ነው የወጣችው። ግን ቁጥሩ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሲሆን ጆሯችን ልዩነቱን አይሰማም። በአንደኛና በአሥረኛው መካከል ስትመርጡ ለዋጋውና ለጥንካሬው ቅድሚያ ስጡ።

ሄድፋይ ከ2001 ጀምሮ ያለ የሄድፎን ወዳጆች መሰብሰቢያ ነው። እዚያ የሚጻፈው ልኬት ሳይሆን የሰው ጆሮ የሰማው ነው። የስታክስን አሮጌ ሄድፎኖች፣ የኦዲዮቴክኒካን የእንጨት ሞዴሎች ታሪክ የምታገኙት እዚያ ነው። ስታክስ በ1960 የመጀመሪያውን ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን የሠራ የጃፓን ኩባንያ ነው። ታሪክ ለማወቅ ሄድፋይን እወደዋለሁ። ለመግዛት ስወስን ግን ብቻውን አላምነውም። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ዕቃውን ማመስገን ይቀናዋል።

ገንዘቤ ትንሽ ነው ለሚል ሰው ደግሞ ስኩዊግሊንክ የሚባል የኢርፎኖችን የድምፅ ልኬት በግራፍ የሚያሳይ ስብስብና አውቶኢኪው የሚባል ነፃ መዝገብ አለ። አውቶኢኪው በሺህ ለሚቆጠሩ ሄድፎኖችና ኢርፎኖች የድምፅ ማስተካከያ አዘጋጅቷል። የኢርፎናችሁን ሞዴል ፈልጉ። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ባለ የኢኪው አፕ አስገቡ። ሜርካቶ በጥቂት ብር የተገዛ ኢርፎን እንኳ ሞዴሉ እዚያ ከተገኘ በጣም ይሻሻላል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። እኔ ሁለት ዓመት ግዢ ያስቀረልኝ እሱ ነው።

ቃሉንና አገሩን ለማወቅ

ግጥሙን ሳይረዱ ኤንካን መስማት ይቻላል፤ ግን ግማሹ ይቀራል። ጂሾ የሚባለው መዝገበ ቃላት ነፃ ነው። ቃሉን በላቲን ፊደል ብትጽፉት ያገኘዋል። ኦቢ ላይ ያያችሁትን ካንጂ ማንበብ ካልቻላችሁ በጣታችሁ ሳሉት፤ ይለየዋል። በመሠረቱ ያለው የቃላት ክምችት ጂም ብሪን የሚባሉ አውስትራሊያ የሚኖሩ ምሁር በ1991 የጀመሩት ነው። ከዚህ የሚቀድም አልጠቁማችሁም።

ቋንቋውን ከሥር ለመጀመር የኤንኤችኬ ወርልድ ነፃ ትምህርት ጥሩ ነው። በድምፅ ነው፣ አጫጭር ነው። አማርኛ የለበትም። አረብኛና ስዋሂሊ ግን አለው። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤሩት ለኖራችሁና አረብኛ ለለመዳችሁ እህቶችና ወንድሞች ይህ እንግሊዝኛን ሳይጠብቁ የሚገባበት በር ነው። ስለ ጃፓን ማኅበረሰብና ታሪክ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለሚፈልግ ኒፖንዶትኮምም በአረብኛ ይነበባል። ጃፓን ጋይድ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው። ለጉዞ ይሻላል፤ የባቡሩን፣ የቤተ መቅደሱን፣ የምግቡን ሁሉ ያስረዳል። አኒሜ የሚከታተል ሰው ያየውን የሚመዘግብበትን ማይአኒሜሊስትን ያውቀዋል። ተመሳሳዩ አኒሊስት መልኩ ይበልጣል፣ ማይአኒሜሊስት ሰው ይበዛበታል፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

«ትራክ 07»ን የማግኘቱ መንገድ ግን ከነዚህ ድረ ገጾች በአንዱም አልጀመረም። ጓደኛዬ ፋይሉን ማን እንደሰጠው ሲያስብ ሲያስብ አንድ ዘመዱ ትዝ አለው። ሰውየው ጃፓን ተምሮ የተመለሰ ነው። ደወለለት። ሲዲውን ዛሬም አልጣለውም። ሽፋኑ በጃፓንኛ ስለሆነ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ረስቶታል፤ የጎኑን ፎቶ አንስቶ ላከልን። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ። ዲስኮግስ ላይ አስገባነው፤ ወዲያው መጣ። ሃውታ የሚባል በሻሚሴን የሚታጀብ አጭር ዘፈን ስብስብ ነው። ያገለገለ ቅጂውን ጃፓን አገኘነው። በእህቴ በኩል፣ ከአራት ሌሎች ሲዲዎች ጋር፣ ለፋሲካ ከመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ደረሰን።

ጓደኛዬ አሁን ትራክ 08ን ነው የሚያስደጋግመው።